አዘዞ ጠጠር ግቢ ውስጥ የዙር ሰዓት መያዝ፦ የአንድ መሣሪያ ምርጫ የጉዳይ ጥናት

ጎንደር የመኪና እሽቅድድም መም የላትም። ያለን አዘዞ በኩል፣ ቀድሞ የመንገድ ሥራ ማሽኖች ይቆሙበት የነበረ፣ በጠጠር ተደልድሎ በሮለር የተጠቀጠቀ አንድ የግል ግቢ ነው። ባለቤቱ ፈቅዶልን፣ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ከደረቀ በኋላ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ኮን ደርድረን እንነዳበታለን። አንዱ ዙር 600 ሜትር ገደማ ሲሆን ደህና የሚነዳ ሰው በ50 ሰከንድ አካባቢ ይጨርሰዋል። ይህ በአማካይ በሰዓት 43 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ውጭ አገር ትልልቅ መም ላይ ከሚነዳው ጋር ሲተያይ ዝግ ያለ ነው። የእኛን የመሣሪያ ምርጫ ከሌላው ሰው ምርጫ የለየውም ይኸው ዝግታ ነው።

ይህን የምጽፈው ሌላ ከተማ ውስጥ እንደኛ ሜዳ ያገኘ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት እንዲያነበው ብዬ ነው። ስለዚህ የመረጥነውን ብቻ ሳይሆን የተውነውንም፣ ለምን እንደተውነውም አስቀምጣለሁ።

ሁለት ሰዓት ያዥ፣ ሁለት አሸናፊ

በፊት ሰዓት የሚያዘው በእጅ ነበር። ሁለት ሰዎች መስመሩ ዳር ቆመው በስልካቸው ይይዛሉ፤ አማካዩ ይመዘገባል። ለጨዋታ ያህል ይበቃ ነበር። ችግሩ የወጣው አንድ ዲኤክስና አንድ ቪትዝ በጣም ተቀራርበው በገቡበት ቀን ነው። አንደኛው ሰዓት ያዥ ዲኤክሱን በሁለት አሥረኛ ሰከንድ አስቀደመ፣ ሌላኛው ቪትዙን። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። ሰው አይቶ ቁልፉን እስኪጫን ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ይህም ከሰው ሰው፣ አንዳንዴም ከዙር ዙር ይለያያል። አትሌቲክሱ ጉዳዩን ከጥንት ያውቀዋል፦ በእጅ የተያዘ የ100 እና የ200 ሜትር ሰዓት ከኤሌክትሮኒክስ ሰዓት ጋር እንዲነጻጸር 0.24 ሰከንድ የሚጨመርበት ለዚህ ነው። የእኛ ሾፌሮች የሚበላለጡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ባነሰ ነው።

የዲኤክሱ ባለቤት ጋራዥ ያለው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው ነው። ክርክሩ ሲበርድ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ልጄ፣ አንተ ከሳተላይት ጋር የምትውል ሰው ነህ። መዋጮውን እኛ እናዋጣለን፤ የሚሆነውን ዕቃ አንተ አጥናልን» አለኝ። እኔ ቀያሽ ነኝ። የመሬት ወሰንና የመንገድ መስመር እለካለሁ፤ ጂፒኤስ የዕለት ሥራዬ ነው። የቆመ ችካልን መለካትና የሚሮጥ መኪናን መለካት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ጥናቱንም የጀመርኩት ከዚያ ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሁሉንም ምን እንደሚፈልጉ መጠየቅ ነው። ጋሼ የሞተሩን ነገር ማወቅ ይፈልጋል፦ ስንት ዙር እንደሚዞር፣ የት ላይ ጉልበት እንደሚያንሰው። የቪትዙ ልጅ ማን እንዳሸነፈ ያለ ክርክር እንዲታወቅና ቪዲዮው ላይ ሰዓቱ እንዲታይ ይፈልጋል። እኔ የምፈልገው ጊዜው የት ኩርባ ላይ እንደሚጠፋ ማየት ነበር። ሦስቱ ጥያቄዎች ሦስት የተለያዩ ዕቃዎችን ይጠራሉ፤ መዋጮው ግን ለአንድ ነው። እንዲህ ያለው ግዢ የሚበላሸው ሁሉንም ጥያቄ በጥቂቱ የሚመልስ፣ አንዱንም አጥርቶ የማይመልስ ዕቃ ሲገዛ ይመስለኛል። ስለዚህ ቅደም ተከተል አወጣንለት፦ መጀመሪያ ትክክለኛ የዙር ሰዓት፣ ቀጥሎ በእያንዳንዱ ቦታ የነበረው ፍጥነት፣ ሞተሩ በመጨረሻ።

ዝግታው የሚያመጣው ጣጣ

የጂፒኤስ ሰዓት መያዣ መኪናው መስመሩን ሲረግጥ አያይም። ከመስመሩ በፊት አንድ ነጥብ፣ ከመስመሩ በኋላ አንድ ነጥብ አለው፤ መስመሩ የታለፈበትን ቅጽበት በሁለቱ መካከል ያሰላዋል። አብዛኛው ስልክ በሰከንድ አንድ ነጥብ ነው የሚሰጠው። በእኛ አማካይ ፍጥነት ይህ በየ12 ሜትሩ አንድ ነጥብ ማለት ነው። በኮን መካከል ያለችው ጠባቧ ኩርባችን ሦስት ሰከንድ ያህል ነው የምትፈጀው፤ ስለዚህ ስልኩ ለዚያች ኩርባ ሦስት ነጥብ ብቻ ይኖረዋል። ሾፌሩ መሪውን የጠመዘዘበት፣ ፍሬን የያዘበት፣ ነዳጅ የሰጠበት ሁሉ በሦስት ነጥብ ውስጥ ይዋጣል። በሰከንድ 25 ነጥብ የሚሰጥ ለብቻው የተሠራ የጂፒኤስ ተቀባይ ለዚያችው ኩርባ 75 ነጥብ ይኖረዋል።

ሁለተኛው ነገር የቦታ ስህተት ወደ ጊዜ ስህተት የሚቀየርበት ስሌት ነው። መኪናው የሚገኝበት ቦታ በአንድ ሜትር ቢሳሳት፣ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ለሚበር መኪና ስህተቱ ሁለት መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነው። በሰዓት 60 ለሚሄድ ስድስት መቶኛ ይሆናል። በሰዓት 30 መስመሩን ለሚያልፍ ግን ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ ይበልጣል። ስለዚህ ትልቅ መም ላይ «ጥሩ ነው» የተባለ ዕቃ የእኛ ግቢ ውስጥ ያንኑ ያህል ጥሩ አይሆንም። አጭርና ዝግ ያለ ሜዳ ላይ የሚነዳ ሰው ተቀባዩን ከሌላው አስበልጦ መምረጥ አለበት።

የሚያጽናናም ነገር አለ። የጂፒኤስ ስህተት ከሰከንድ ወደ ሰከንድ ዝም ብሎ አይዘልም፤ ሰማዩ ክፍት ከሆነ ቀስ እያለ ነው የሚንሸራተት። ዙሩ 50 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ሲጀመር የነበረው ስህተትና ሲያልቅ ያለው ይቀራረባሉ፤ አንዱ ከሌላው ሲቀነስ አብዛኛው ይጣፋል። በዚያ ላይ ተቀባዩ ፍጥነትን የሚያውቀው በነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት በመለካት ሳይሆን የሳተላይቱ ሞገድ በመኪናው እንቅስቃሴ ምክንያት በሚያሳየው የድግግሞሽ ለውጥ (ዶፕለር በሚባለው) ነው። ስለዚህ ቦታው በሜትር ቢንሸራተት እንኳ ፍጥነቱ እምነት የሚጣልበት ሆኖ ይቆያል። ይህ በኋላ ላይ ዋና ጥቅማችን ሆነ።

እዚህ አካባቢ ላለን ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የዕቃዎቹ ሳጥን ላይ የቦታ ስህተትን የሚቀንስ የማረሚያ ሳተላይት እንደሚቀበሉ በትልቁ ተጽፎ ይገኛል። የአውሮፓው ኢግኖስ ማረሚያውን የሚያሰላው ለአውሮፓና ለአካባቢዋ፣ የአሜሪካው ዋስ ለሰሜን አሜሪካ፣ የሕንዱ ጋጋን ለሕንድ ነው። ጎንደር ከእነዚህ ከአንዱም አይደለችም። ለዚያ ጽሑፍ ተብሎ አንድ ብር መጨመር የለበትም። ይልቅ የሚጠቅመው ተቀባዩ ከአሜሪካው ጂፒኤስ ሌላ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ አብሮ ማንበቡ ነው፤ ሳተላይቱ በበዛ ቁጥር አንዱ ከግንቡ ጀርባ ቢጋረድ ሌላው ይተካዋል።

የምድር መግነጢሳዊ ወገብም በአገራችን ላይ ነው የሚያልፈው። በዚህ ምክንያት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት አዮኖስፌር የሚባለው የላይኛው የአየር ንብርብር ይረበሻል፤ የሳተላይት ምልክትም ይርገበገባል። ሌሊትና ቀን እኩል በሚሆኑበት መጋቢትና መስከረም አካባቢ፣ በተለይም ፀሐይ ንቁ በሆነችባቸው ዓመታት ይብሳል፤ የአሁኑ የፀሐይ ዑደት ጫፍ የደረሰው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዋሸራ የሚባለው ቤተ ሙከራ ይህንኑ የሕዋ አየር ሁኔታ ያጠናል። ቀን ለሚነዳ ሰው ብዙም አያሰጋም፤ በመብራት ማታ እንንዳ ለሚል ግን ሰዓቱ ሊወላገድበት እንደሚችል ይወቀው።

ከመደርደሪያው ላይ ያለው

ትክክለኛውና የማያከራክረው መንገድ የውድድር አዘጋጆች የሚጠቀሙበት ነው፦ መሬት ውስጥ የሚቀበር የሽቦ ቀለበትና መኪናው ላይ የሚታሰር፣ ቀለበቱን ሲያልፍ ምልክት የሚሰጥ ትንሽ ዕቃ (ትራንስፖንደር)። የኔዘርላንዱ ማይላፕስ በዚህ የታወቀ ነው። በሺኛ ሰከንድ ይለካል። ለእኛ ግን አይሆንም፤ ግቢው የሰው ነው፣ ኮኑም በየሳምንቱ ቦታ ይቀይራል፤ ዋጋውም የሚመጥነው ክለብን እንጂ የጓደኛሞችን መዋጮ አይደለም። በዚያ ላይ የዙሩን ሰዓት እንጂ በዙሩ ውስጥ የሆነውን አይነግርም።

የጣልያኑ ኤይም ሶሎ 2 ለብቻው የቆመ ዕቃ ነው። የራሱ ማሳያ መስታወት (ስክሪን)፣ የራሱ ጂፒኤስ፣ የራሱ ማስቀመጫ አለው። በሰከንድ 10 ነጥብ ይይዛል። ዲኤል የሚባለው ወንድሙ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋርም ይገናኛል። ጠንካራና የተፈተነ ዕቃ ነው፤ ትንታኔው ግን የሚሠራው ላፕቶፕ ላይ ነው። የእንግሊዙ ሬስሎጂክ ቪቦክስ ስፖርት በሰከንድ 20 ነጥብ ይሰጣል፤ ውኃ የማያስገባ ስለሆነ ሞተር ሳይክል ላይም ይታሰራል። ጋርሚን በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ካታሊስት ደግሞ ካሜራ አለው፤ ምርጥ ምርጦቹን የዙር ክፍሎች አጋጥሞ «እንዲህ መንዳት ትችላለህ» የሚል ዙር ያሳያል፤ እየነዱም በጆሮ ይመክራል። ለሾፌር ከታሰቡት ዕቃዎች ሁሉ ለጀማሪ የሚቀለው እሱ ይመስለኛል። ሲወጣ ዋጋው 1,000 ዶላር ነበር። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ቁጥር ወደ ብር ሲመታ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ደግሞም ምክሩ የሚጠቅመው ያው መም ደጋግሞ ሲነዳ ነው፤ የእኛ ኮን ግን ይነቀላል፣ ይተከላል።

ቀጣዩ መንገድ ስልክ ሲደመር ተቀባይ ነው። ሬስክሮኖ የሚባል የፊንላንድ ሰዎች የሠሩት አፕ አለ፤ አንድሮይድም አይፎንም ላይ ይሠራል። ከውጭ በብሉቱዝ የሚገናኝ ፈጣን ተቀባይ ይቀበላል። ሬስቦክስ ሚኒ ከእነዚህ ተቀባዮች አንዱ ነው፦ መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ መስታወት የሌላት፣ በሰከንድ 25 ነጥብ የምትሰጥ ሣጥን። እኛ ስናጠና ዋጋዋ 200 ዶላር አካባቢ ነበር። ስልኩ ቀድሞም ስላለ ገንዘቡ በሙሉ የሚውለው ተቀባዩ ላይ ነው፤ ከላይ ባስቀመጥነው ቅደም ተከተል መሠረት መዋል ያለበትም እዚያው ነው።

አራተኛውን ሐሳብ ያመጣው ኢንጂነሪንግ የሚማር የአንዳችን ወንድም ነው፦ ራሳችን እንሥራው። የስዊዙን የዩብሎክስ ተቀባይ ኢኤስፒ32 ከሚባል ብሉቱዝ ያለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር አገናኝቶ ለሬስክሮኖ መላክ ይቻላል፤ አፑ ለዚህ የሚሆን ግልጽ የመገናኛ ስልት አለው። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ለተማሪም ትልቅ ትምህርት ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበትን ልንገር። «በሰከንድ 10» ተብሎ የሚሸጠው ርካሽ ሞጁል ከሳጥኑ ሲወጣ በሰከንድ አንድ ላይ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። ወደ 10 ከፍ ቢደረግ እንኳ በ9,600 ፍጥነት ባለ ገመድ የሚወጣ ከሆነ መረጃው አያልፍለትም፤ ያ ገመድ በሰከንድ 960 ፊደል ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ አንዱ የቦታ መልእክት ጥቅል ግን ብዙውን ጊዜ 400 ፊደልና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ በተግባር በሰከንድ ሁለት ይደርሳል፤ ሌላው ይቆራረጣል። የገመዱን ፍጥነት ማሳደግ፣ የማይፈለጉትን መልእክቶች ማጥፋት ያስፈልጋል። ይህን የሚያስተካክል ልጅ ያለው ቡድን ይሥራው። እኛ ጋ ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ከከተማ ቢወጣ ዕቃውን የሚጠግን አይኖርም፤ የተውነው ለዚህ ነው።

በይነመረብ ላይ አንድ ቃል። በክልላችን የስልክ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ የጠፋበትን ወቅት አይተናል። ስለዚህ መረጃውን ወደ ሩቅ ሰርቨር ልኮ እዚያ የሚተነትን ዕቃ ከመጀመሪያው ከዝርዝሩ ወጣ። ሬስክሮኖ ሁሉንም ስልኩ ላይ ያስቀምጣል። የሳተላይት ምስሉ ባይወርድም መስመሩን ነድቶ መቅረጽ ይቻላል።

ሙከራው

የአንዳችን ዘመድ ለጥምቀት ከውጭ ሲመጣ ሬስቦክስ ሚኒ ይዞልን መጣ፤ ሳንገዛ ልንሞክራት ፈቀደልን። በምን እንፈትናት? ሰዓት ያዦቹን ዳኛ ማድረግ አይቻልም፤ ክርክሩ የመጣው ከእነሱ ነውና። ያገኘነው ዳኛ በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሳ ስልክ ነው። መስመሩ ዳርና ዳር ላይ የቅየሳ ዘንግ ተከልኩ። ስልኩን ሁለቱ ዘንጎች አንድ ሆነው በሚታዩበት ቦታ በትራይፖድ አቆምነው። የመኪናው የፊት ፓራውልት ዘንጉን የነካበትን ምስል ፈልጎ እስከሚቀጥለው ዙር ያሉትን ምስሎች መቁጠር ነው። አንዱ ምስል ከአራት ሺኛ ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ፋይሉም ይከብዳል፤ ግን ማንም ሊከራከረው አይችልም።

የስልኩ የራሱ ጂፒኤስ ከቪዲዮው ጋር ሲነጻጸር አንዳንዱ ዙር ላይ ደህና ይመጣል፣ ሌላው ላይ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይስታል። መቼ እንደሚስት አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል ደህና የመጣውም አይጠቅምም። ሬስቦክሷ መጀመሪያ ቀን ከቪዲዮው በአንድ አሥረኛ ሰከንድ አካባቢ ትለያይ ነበር። ከዚያ ሁለት ነገር ቀየርን። መስመሩ በልማድ ከበሩ አጠገብ ነበር የሚሰመረው፣ መኪናው ከኩርባ ወጥቶ ገና ፍጥነት ሳይዝ በሚያልፍበት። ወደ ቀጥታው መካከል አዛወርነው፤ እዚያ በሰዓት 60 ገደማ ይታለፋል። ሣጥኗም ዳሽቦርድ ላይ ነበረች፤ የዲኤክስ ጣሪያ ድፍን ቆርቆሮ ስለሆነ ግማሹ ሰማይ ይጋረድባታል። በማግኔት ጣሪያው መሀል ላይ አደረግናት። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ወደ ጥቂት መቶኛ ሰከንድ ወረደ። ሁለቱም ለውጦች ምንም አላስወጡንም።

ገዛናት።

ስለ ሞተሩ መረጃ አጭሩን ልበል። ዲኤክስ ካርቡራተር ያለው የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላ ነው፤ የሚጠየቅ ኮምፒውተር የለውም። ቪትዙ ከመሪው ሥር ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት አለው፤ ኢኤልኤም 327 የሚባለውን ርካሽ የመኪና ኮምፒውተር ማንበቢያ ሰካንበት፣ አልተግባባም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የዚያ ዘመን ብዙ ቶዮታዎች ሶኬቱ ቢኖራቸውም አሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስገደደችውን የጋራ ቋንቋ አይናገሩም። የሚናገሩትም ቢሆኑ ካን የሚባለው ፈጣን የመኪና ውስጥ የመረጃ መስመር ከመምጣቱ በፊት የተሠሩት በሰከንድ ጥቂት ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጡ። ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ መኪና ያለው ሰው ይሞክረው፤ ሌላው ገንዘቡን ይያዝ።

የጋሼ ሦስተኛ ኩርባ

ከግንቡ ጥግ ያለችው ሦስተኛ ኩርባ ላይ ጋሼ ከቪትዙ ልጅ ጋር ሲነጻጸር በየዙሩ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያጣል። ይህን የትኛውም የእጅ ሰዓት አይነግረንም ነበር፤ የዙሩ ድምር ላይ ሌላ ቦታ በሚያተርፈው ተሸፍኖ ይኖራልና። የሁለቱን ሾፌሮች ፍጥነት በአንድ መስታወት ላይ አነባብሬ አሳየሁት። ከታች ርቀቱ፣ ከጎን ፍጥነቱ፣ ቀዩ የእሱ፣ ሰማያዊው የልጁ። መነጽሩን አደረገና በግራሶ በጠቆረ ጣቱ ቀዩን መስመር ተከተለው። ሰማያዊው እስከ ኩርባው አፍ ድረስ ሽቅብ ይወጣና በአንዴ ቁልቁል ይወርዳል። ቀዩ ቀደም ብሎ ይጎብጣል፤ አንድ ሰከንድ ያህል እያዘቀዘቀ ይሄዳል፤ ከዚያ ነው ቁልቁል የሚወርደው።

«ጋሼ፣ ነዳጁን እዚህ ጋ ለቀዋል፤ ፍሬን የያዙት ግን እዚህ ደርሰው ነው» አልኩት።

ዝም ብሎ አየው። «ፍሬኑን ቶሎ ብይዘው ወደ ግራ ይስበኛል» አለ። «ግንቡ በግራ ነው። ለዚህ ነው ፍጥነቱን አስቀድሜ የማበርደው።»

ልጁ ጣልቃ ገብቶ፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ለምን እስካሁን አልነገሩንም?» ሲለው፣ «እኔስ እንደማደርገው መቼ አወቅሁ!» አለው።

በማግሥቱ ጋራዡ ውስጥ ጎማው ወለቀ። የቀኙ የፊት ፍሬን ፒስተን ደርቆ ተጣብቋል፤ የግራው ብቻውን ይይዝ ነበር። ጸዳ፣ ላስቲኩ ተቀየረ፣ አየሩ ወጣ። በሚቀጥለው እሁድ ቀዩ መስመር ላይ ያ ጉብጠት ጠፍቶ ነበር፤ ሦስተኛዋ ኩርባ ላይ የነበረው ልዩነትም አብዛኛው ተዘጋ።

እኔ ከዚህ የወሰድኩት መሣሪያው የሚያሳየው የሆነውን እንጂ የሆነበትን ምክንያት አለመሆኑን ነው። ቀዩ መስመር «እዚህ ጋ ነዳጅም ፍሬንም አልተረገጠም» አለ፤ ምክንያቱን የሚያውቀው ሾፌሩ ነበር፣ መስመሩን እስኪያይ ግን እሱም አላወቀውም። ስለዚህ ከነዱ በኋላ ወዲያው፣ ሾፌሩ ሁሉንም ሳይረሳ፣ እዚያው ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ ማየት የሚቻልበት ዕቃ ቤት ሄዶ ላፕቶፕ ከሚያስከፍተው ይሻላል። ስልክና ተቀባይ መምረጣችን በዚህም ጠቀመን። ጉድለቱ የስልኩ መስታወት ትንሽ መሆኑ ነው፤ ፀሐይ ላይ ለማየት ጃኬት መሸፈን ያስፈልጋል። ስልኩም ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ሲበዛበት ይግልና ይጠፋል፤ ስለዚህ ቪዲዮ በማይፈለግበት ቀን ኪስ ውስጥ ይሆናል።

ሌላው ያስተማረን ከውጭ ቪዲዮ ጋር አለመወዳደርን ነው። አዘዞ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። ካርቡራተሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ጋሼ ይህን ከማርሚታው ጥቀርሻ ያውቀዋል። ስለዚህ ቀጥታው ላይ የሚታየውን ፍጥነት ሌላ ቦታ ካለ ተመሳሳይ መኪና ጋር ማነጻጸር ከንቱ ነው። የሚነጻጸረው ኩርባ ውስጥ ያለው ዝቅተኛ ፍጥነት ነው፤ እዚያ የሚወስነው ጎማውና ሰውየው ነው።

አንድ ነገር ላይ ሁላችንም ተስማምተናል፦ ሣጥኗ ከግቢው አትወጣም። ዕቃው እንደመጣ የጎንደር ደባርቅ መንገድ ላይ፣ እንዲያውም ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ እንሞክራት ያለ ሰው ነበር። ያ መንገድ ሰውና ከብት የሚሄድበት፣ አውቶቡስ የሚወርድበት ነው። ሰዓት እየያዙ የሕዝብ መንገድ ላይ መንዳት ሰው መግደል ነው። ሣጥኗን የሚይዘው የግቢው ባለቤት ነው፤ ነጂው ሄልሜት ካላደረገና ቀበቶ ካላሰረ አይሰጥም።

የጋሼ የሞተር ዙር ጥያቄ በግማሽ ተመልሷል። ፍሪሲዮኑ እስከተያያዘ ድረስ የሞተሩ ዙር ከመኪናው ፍጥነት ጋር አብሮ ስለሚሄድ፣ የጎማውን ዙሪያ ለክተን፣ የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን ቁጥር ከመጽሐፉ ወስደን በየማርሹ አስልተንለታል። ወረቀቱ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ጠጠር ላይ ጎማው ሲሾር ስሌቱ ይስታል፤ ያንን የሚይዘው ከኮይሉ ገመድ ዙሩን የሚያነብ ዕቃ ብቻ ነው፣ ለጊዜው አልገዛነውም። ቀጣዩ መዋጮ የሚሄደው ለሁለተኛ ተቀባይ ነው፤ አንዷ ሣጥን ከመኪና መኪና ስትዛወር ጊዜ ይባክናል። ሰዓት ያዥ የነበሩት ሁለት ልጆች አሁን መስመሩ ዳር ባንዲራ ይዘው የሚቆሙ ናቸው፤ ኮን ሲወድቅ ነጂውን የሚያስቆሙት እነሱ ናቸው።